የአያቴን ጣቶች የበላው ቡዳ ነው ወይስ ባሩድ?

ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዞልኝ መጣ። እዚሁ ፉሪ ቤት ሊሰሩ መሠረት ሲያስቆፍሩ ነው የወጣው። «ቲቸር፣ የአድዋ ጥይት ነው?» አለኝ። ከፈትኩት። ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ አንገቱ ጠበብ ያለ የናስ ቀለሃ ነው። የውጅግራ! ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራስ» የመጣ ነው፤ የግራስ ጠመንጃ ማለት ነው።

አድዋ ላይ ተተኩሶ ይሁን አይሁን ቀለሃው አይናገርም። ግን አንድ ነገር ይናገራል። አፉ በርዝመቱ ተሰንጥቋል፤ ቂጡ ላይ ያለው የካፕሱል ጉድጓድ ደግሞ ተቀጥቅጦ ወደ ጎን ሄዷል። ናስ ተተኩሶ ሲለጠጥ፣ ተመልሶ ሲጠበብ፣ እንደገና ሲለጠጥ እየደረቀ ይሄድና አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ይህ ቀለሃ አንዴ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ተተኩሷል ማለት ነው።

ስለ ጠመንጃ ታሪካችን ስናወራ ሁሌም ስለ ብረቱ ነው የምናወራው። ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብፆች ሬሚንግተን ማረኩ፤ ምኒልክ ከፈረንሳይም ከጣሊያንም ገዙ። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እንኳን በ1879 ሁለት ሺህ ገደማ አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ሸዋ ድረስ መጥቶ ከምኒልክ ጋር ሲከራከር አሳሩን አይቷል። ጥያቄው ግን ይሄ ነው፤ ጥይቱ ሲያልቅስ? ሬሚንግተኑ የውጅግራን ጥይት አይበላም፣ ውጅግራው የጣሊያኑን ቬተርሊ አይበላም። ጣሊያኖች የውጫሌን ውል እንዲያከብሩላቸው ምኒልክን ለማባበል በ1885 የላኩት ገንዘብ ሳይሆን ሁለት ሚሊዮን ጥይት ነበር። በየገበያው ደግሞ የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ጥይት እየከፈልክ በርበሬ ትገዛለህ ማለት ነው። እንግዲህ ገንዘብን ተኩሶ ባዶውን የሚጥል ማን አለ? ቀለሃው ይለቀማል። ከዚያ ወደ ጠይቡ ይሄዳል።

ጠይብ ስንል የመንደር ቀጥቃጭ ነው፤ በዚህ በእኛ አካባቢ በኦሮምኛ ቱምቱ ይሉታል። ማረሻውን የሚያበጀው እሱ፣ ማጭዱን የሚሞርደው እሱ፣ ቀለሃውን ሞልቶ የሚመልሰውም እሱ። ሥራው ሲያስፈልግ ይለመናል፣ ሲመሽ ደግሞ «ቡዳ ነው፣ ልጅ አታሳዩት» ይባላል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን እንዳትሰድቡ ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ግን ፉሪ የደረሰ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቤቴ ጉዳይ ልምጣ።

አያቴ ውጅግራ ነበረው። ከዚህ ከፉሪ ተነስቶ መናገሻ ደን ጥግ ድረስ እየሄደ ድኩላ ያድን ነበር። ያ ጠቆር ያለው የደጋ ድኩላ፣ ፈረንጆቹ በምኒልክ ስም የሚጠሩት። (ዛሬ ደኑ ጥብቅ ነው፤ ማንም እንዳይሞክረው።) ድኩላ ጫካ ለጫካ የሚሄድ፣ አንዴ ከሳትከው ሁለተኛ የማታየው እንስሳ ነው። ውጅግራ ደግሞ ጎራሽ የለውም፤ አንድ ጥይት ታጎርሳለህ፣ አንድ ትተኩሳለህ፣ ከዚያ በጥቁሩ ባሩድ ጭስ ውስጥ ዓይንህን እያሸህ ትቆማለህ። ስለዚህ ያቺ አንዷ ትክክል መሆን አለባት።

ታዲያ ቤታችን ውስጥ ሲወራ ያደግነው እንዲህ ነው። ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አያቴ ጠመንጃው ፊቱ ላይ ፈነዳ። ሁለት ጣቱና ቀኝ ዓይኑ ጠፋ። ያደረገው የጎረቤቱ ጠይብ ነው፤ ጥይት ሙላልኝ ሲለው እምቢ ብሎ በክፉ ዓይኑ አየው፤ በማግስቱ ጠመንጃው ፈነዳ። በቃ። የጠይቡ ቤተሰብ በሳምንቱ ዕቃውን ጭኖ ወደ ዓለም ገና በኩል ሄደ። «ሄደ» ነው የሚሉት። ተባረረ አይሉም።

ቀለሃውን ካየሁ በኋላ አክስቴ ጋ ሄጄ እንደ አዲስ ጠየቅኋት። ስንት ጊዜ የሰማሁትን ወሬ ስትደግምልኝ ድሮ ያላስተዋልኩት አንድ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገባ። «የጣሊያኑን ጥይት ሁለቱን አፍርሶ አንዱን ሞላው» አለችኝ። ማን? «አባባ ነዋ፣ ራሱ! ጠይቡ እምቢ ሲለው ምን ያድርግ!»

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። የውጅግራ ጥይት ሲሠራ 25 ግራም እርሳስና አምስት ግራም ከሩብ ገደማ ጥቁር ባሩድ ነው የሚይዘው። ጠመንጃው በፈረንጆቹ 1874 የወጣ ነው። ጭስ የሌለውን ባሩድ ፖል ቪዬ የሚባለው ፈረንሳዊ የሠራው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው። ጣሊያን ይዞት የመጣው ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር ካርካኖ የሚተኩሰው በዚህ በአዲሱ ዓይነት ነው፤ በአንዱ ጥይት ውስጥ ሁለት ግራም ከምናምን ይገባል። ሁለቱን ስታፈርስ አራት ግራም ተኩል ይጠጋል። የውጅግራው ቀለሃ ዓይን ሲያየው ሙሉ ይመስላል! አያቴም «እንደ ድሮው ሞላሁት» ነው ያለው። ነገር ግን ያ ባሩድ ተዘግቶበት ሲነድ የሚፈጥረው ግፊት ከጥቁሩ ጋር አይገናኝም። ለ10 ግራም ተኩል ጥይት በልክ የተሰፈረውን ደርቦ 25 ግራም እርሳስ ከኋላው ግፋ አለው። ውጅግራ ደግሞ የኋላ መዝጊያው የሚቆለፈው በእጀታው ሥር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ።

ክፉ ዓይን አልነበረም። ስፍር ነበር።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። እንቅልፍ ግን ነሳኝ። ዓለም ገና አካባቢ ጠያይቄ የጠይቡን ልጅ አገኘኋቸው፤ ሰማንያን ያለፉ አዛውንት ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «የዚያ ሰውዬ የልጅ ልጅ ነህ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ልጃቸው ቡና እንድታፈላ ነገሯት።

አባታቸው እንዴት ይሞላ እንደነበር ያጫወቱኝን ሳልጽፈው ባልፍ ይቆጨኛል። ባሩድ የሚሰፍሩት በፍየል ቀንድ ጫፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ የየራሱ ቀንድ አለው። ሞልተው በቢላ ጀርባ ይጠርጉታል፣ ቁና እንደምንጠርገው። አይጠቀጥቁም፣ ቀንዱንም አይነቀንቁም፤ የተነቀነቀ ባሩድ ይረጋና ያው ቀንድ ብዙ ይይዛል። አዲስ ጠመንጃ ሲመጣላቸው ከትንሽ ይጀምራሉ፤ ሦስት ሞልተው ቁልቋል ላይ ያስተኩሳሉ። ሦስቱ ቀዳዳ ከተራራቀ ቀንዱን ትንሽ ሞርደው ያሰፉታል፣ እንደገና ሦስት። ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው መዳፍ ሲሸፍናቸው «ይሄ የእሱ ልክ ነው» ይሉና ከዚያ ወዲያ አይነኩትም። የአንዱን ሰው ቀለሃ ደግሞ ለሌላ ሰው አይሰጡም፤ «የራሱን ጠመንጃ ጡት የጠባ ነው፣ ሌላ ቤት አይለምድም» ይሉ ነበር አሉኝ።

ሳቅሁ፤ ግን ትክክል ነው! ናስ ሲተኮስ ተለጥጦ የዚያን የአንዱን ጠመንጃ ቤት ቅርፅ ይይዛል፤ ሲመለስ እዚያው ቤት ልክክ ብሎ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ አጋዘን አዳኞች ዛሬም ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉት በዚሁ መንገድ ነው። ባሩዱን በሚስጥራዊ ሚዛን እየለኩ፣ ይቅርታ፣ በረቂቅ ሚዛን ማለቴ ነው፣ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ፣ በየእርከኑ ሦስት ወይም አምስት ጥይት ወረቀት ላይ እየተኮሱ የጠመንጃቸውን ልክ ይፈልጋሉ። ብዙ ባሩድ ማለት ብዙ ኃይል እንጂ ብዙ ኢላማ አይደለም፤ ዋናው ነገር ሁሉም እኩል መሆኑ ነው። የፉሪው ጠይብ ሚዛን አልነበራቸውም፤ ቀንድ ነበራቸው።

ታዲያ የጣሊያኑን ባሩድ ለምን እምቢ አሉ? ስል ጠየቅሁ። አዛውንቱ ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ወናፍ ይነፋሉ። አባታቸው ከሁለቱም ባሩድ ቆንጥረው ፍም ላይ ጣሉ አሉ። የኛው ቦግ ብሎ ነጭ ጭስ ተፋ፤ የጣሊያኑ ረጋ ብሎ ነደደና አመድ እንኳን ሳይተው ጠፋ። «ይሄን አላውቀውም። የማላውቀውን አልሰፍርም» ብለው ለአያቴ መለሱለት። አያቴም ተሳድቦ ወጣ። ምን ብሎ እንደተሳደበ ነገሩኝ፤ እዚህ አልጽፈውም።

እኔም አክስቴ የነገረችኝንና ያሰብኩትን ሒሳብ ሁሉ ነገርኳቸው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እኔማ አውቀው ነበር ልጄ» አሉኝ፤ «ያላወቃችሁት እናንተ ናችሁ።»

ልወጣ ስል የተማሪዬን ቀለሃ ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ምናልባት የአባታቸው ሥራ ይሆን ብዬ። ወደ ብርሃኑ አዙረው ቂጡን አዩት። በአውራ ጣታቸው ያችን ወደ ጎን የሄደች ጉድጓድ ዳሰሱና መለሱልኝ።

«ይሄ የአባቴ እጅ አይደለም» አሉ። «አባቴ መሀሉን አይስትም።»