መሣሪያው በማን ልሳን ይናገር? ንግግር የተሳናቸው ሰዎች የመግባቢያ ዘዴ ታሪክ ከአሶሳ ሲታይ

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል የሚያመሰግነው መናገር እየቻለ አንደበቱን የሚገታውን ሰው ነው። ከውልደቱ ጀምሮ ወይም በደዌ ምክንያት ንግግር የተሳነው ሰው ግን ዝምታን አልመረጠውም፤ አሳቡ በልቡ ሙሉ ሆኖ ሳለ መውጫ በር አጥቶ ይኖራል። የማይናገር ሁሉ የማያስተውል እየመሰለ ስለሚታይም ከትምህርትና ከቤተ ሰብ ምክር ሲገለል ይታያል። ይህን በር ለመክፈት የተደረገው ጥረት የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩም ከአሶሳ ሆኖ ሲመረመር፣ አንድ ልሳን ብቻ በሚነገርበት አገር ተሸፍኖ የሚቀር ጥያቄ ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም መሣሪያው በማን ልሳን ይናገር? የሚለው ነው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ አሶሳ የብዙ ልሳናት መገናኛ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 784,345 ሲሆን፣ ከመቶው 26 ያህሉ በርታ፣ 21 ያህሉ አማራ፣ 21 ያህሉ ጉሙዝ፣ 13 ያህሉ ኦሮሞ፣ 8 ያህሉ ሺናሻ ነበር፤ ማኦና ኮሞም በዚያው ይኖራሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የሱዳን ጠረፍ ቅርብ በመሆኑም ዐረብኛ በበርታ ዘንድ የታወቀ መነጋገሪያ ነው። ስለዚህ አንድ ሕፃን በቤቱ በርታ፣ በመሥሪያ ቤት ደጃፍ አማርኛ፣ በገበያ ኦሮምኛ ወይም ዐረብኛ ሲነገር ይሰማል። መናገር የማይችለውም ሕፃን ይህን ሁሉ ይሰማል፤ የመጀመሪያውን ቃል የሚጠብቅበት ጆሮ ግን የእናቱ ነው።

በኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ቀደም ብሎ የተጀመረው ሥራ መስማት ለተሳናቸው ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሚስዮናውያን ባቋቋሟቸው ትምህርት ቤቶች የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ገባ፤ ከአገሬው ምልክቶች ጋርም እየተዋሐደ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አደገ። በ1960ዎቹ የአማርኛ የጣት ፊደል ተበጀለት። በዚህ ዘዴ የእጅ ቅርጽ ፊደሉን ሲያመለክት፣ የእጅ እንቅስቃሴ ደግሞ ፊደሉ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ከሰባቱ በየትኛው እንደሚነበብ ያሳያል። በፊደሉ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ብልህ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በርታና ጉሙዝ ዛሬ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ይህ የጣት ፊደል በቀጥታ አይገጥማቸውም። ከዚህም ሌላ በሴሬብራል ፓልሲ ወይም በስትሮክ ምክንያት አንደበቱም እጁም የማይታዘዝለት ሰው ከምልክት ቋንቋ ውጭ የሆነ መንገድ ያስፈልገዋል።

ለእንዲህ ያለው ሰው መንገድ የተፈለገው በባሕር ማዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሬጅ ሜሊንግ ፖሰም የተባለውን መሣሪያ ሠራ፤ እጁ የማይንቀሳቀስ ሕመምተኛ በቧንቧ ትንፋሹን ሲነፋና ሲስብ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን፣ በኋላም የጽሕፈት መኪናን ለማዘዝ ቻለ። ከዚያ ቀደም ቻርልስ ብሊስ፣ ከናዚዎች እስር ቤት ወጥቶ በሻንጋይ በስደት ሳለ፣ የቻይናን ጽሕፈት ተመልክቶ በማንኛውም ልሳን ሊነበብ የሚችል የሥዕላዊ ምልክት ጽሕፈት አሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1949ም በአውስትራሊያ አሳተመው። ዓላማው ቋንቋቸው የተለያየ ሕዝቦች እንዲግባቡ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1971 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ሸርሊ ማክኖተንና ባልደረቦቿ ምልክቶቹን መናገር ለማይችሉ ሕፃናት አዋሉአቸው። ሕፃኑ በሰሌዳ ላይ ያሉትን ምልክቶች በእጁ ወይም በዓይኑ እያመለከተ አሳቡን መግለጽ ጀመረ።

ቀጥሎ የመጣው ሰው ሠራሽ ድምፅ ነው። የፊዚክሱ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1985 በጉሮሮው ላይ በተደረገ ቀዶ ሕክምና ድምፁን ካጣ በኋላ በኮምፒዩተር ይናገር ነበር። እንግሊዛዊ ሆኖ ሳለ ድምፁ የአሜሪካን ቅላፄ ነበረው፤ እርሱ ግን የራሱ አድርጎ ያዘው። በዚያ ያለው ልዩነት የቅላፄ ብቻ ነው። በአሶሳ ግን ልዩነቱ የልሳን ነው። ዛሬ አማርኛን የሚያነብቡ የድምፅ ፕሮግራሞች አሉ፤ በሰፊው በሚሠራባቸው ዝርዝሮች ውስጥ ግን በርታና ጉሙዝ አይገኙም። ሁለቱም የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ትርጉም የሚለውጥባቸው ልሳናት ስለሆኑ፣ ፊደልን በማንበብ ብቻ የሚሠራ ድምፅ አይበቃቸውም።

ጉድለቱ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ5 ቋንቋዎች ተነሥቶ 15 ደርሶ ነበር፤ በርታና ጉሙዝ ከእነዚህ ውስጥ አልነበሩም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት እኩል እንዲታወቁ ደነገገ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አጋዥና አማራጭ የመግባቢያ ዘዴዎችን ከመግባቢያ መንገዶች ቈጥሯቸዋል። ሁለቱ ሕጎች ሲጣመሩ፣ መናገር የተሳነው የበርታ ሕፃን መሣሪያ ማግኘት ብቻ ሳይሆን በልሳኑ የሚሠራ መሣሪያ ማግኘት ይገባዋል ማለት ነው።

ይህን ለመጀመር ረቂቅ መኪና መጠበቅ ግድ አይደለም። ውሃ፣ ምግብ፣ ሕመም፣ እናት፣ እሺ፣ እምቢ የሚሉ ሥዕሎች በካርቶን ላይ ተሥለው ከሥራቸው በበርታና በአማርኛ ቢጻፍባቸው፣ ያው ሰሌዳ በቤትም በጤና ጣቢያም ያገለግላል። ሲጫኑት የተቀዳ ቃል የሚያሰማ ቀላል መሣሪያም ፊደል አይሻም፤ ታላቅ እኅት ወይም ወንድም ቃሉን ቢቀዱበት፣ ዜማውና ከፍታ ዝቅታው ሳይጓደል የቤቱን ልሳን ይናገራል። ብሊስ በሕዝቦች መካከል ሊዘረጋ ያሰበው ድልድይ በአሶሳ ሁለት አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል፤ ሕፃኑን ከሰው ጋር፣ ልሳንንም ከልሳን ጋር ያገናኛልና። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ባለሙያው ሕፃኑ የሚናገርበትን መሣሪያ ከመምረጡ በፊት፣ እናቱ በምን ልሳን እንደምትጠራው ሊጠይቅ ይገባል።