የነፃ ፕሮግራም ዋጋ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ራሱን ችሎ የሚሸጥ ዕቃ የሆነው ኮምፒዩተር ከተፈለሰፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ድረስ አይ ቢ ኤምን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ፕሮግራሙን፣ ሥልጠናውንና የባለሙያውን ምክር ከመሣሪያው ጋር አዳብለው ያቀርቡ ነበር። ለፕሮግራሙ ተለይቶ የተተመነ ዋጋ አልነበረውም፤ ወጪው ግን በመሣሪያው ኪራይ ውስጥ ተሰውሮ ይገኝ ነበር።

በ1964 አፕላይድ ዳታ ሪሰርች የተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ የአንድን ፕሮግራም አካሄድ በሥዕላዊ መግለጫ የሚያወጣ፣ አውቶፍሎው የሚባል ፕሮግራም አዘጋጀ። ቀጥሎም ብዙ ደንበኞች ለነበሩት ለአይ ቢ ኤም መሣሪያዎች እንዲስማማ አድርጎ ለገበያ አቀረበው። ይሁን እንጂ አይ ቢ ኤም ተመሳሳይ ተግባር ያለውን የራሱን ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይሰጥ ስለነበረ፣ አውቶፍሎውን የመረጠ ደንበኛ አንድ ጊዜ በኪራዩ፣ ሁለተኛ ጊዜ በግዢው መክፈል ነበረበት። በዚህ ሁኔታ ለውድድር የሚበቃ የሥራ ጥራት ብቻውን ዋጋ አልነበረውም።

1969 የለውጥ ዓመት ሆነ። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጥር 17 ቀን አይ ቢ ኤምን በሞኖፖል ከሰሰ፤ አፕላይድ ዳታ ሪሰርችም በበኩሉ ክስ መሠረተ። አይ ቢ ኤም ሰኔ 23 ቀን የዋጋ አሠራሩን እንደሚለውጥ አስታወቀ፤ 17 ፕሮግራሞችንም ለብቻቸው ተመነ። የመሣሪያውን ዋጋ የቀነሰው ግን በመቶ 3 ብቻ ነበር። ውሳኔው ከክሱ ፍርሃት የመነጨ መሆን አለመሆኑ እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ ለሶፍትዌር ኢንዱስትሪ ሰፊ በር መክፈቱ አያጠያይቅም። የመንግሥቱ ክስ ግን 13 ዓመት ያህል ከተጓተተ በኋላ ጥር 8 ቀን 1982 ተነሣ።

በ1981 አይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ የሥርዓተ ክወናውን ፕሮግራም ያገኘው ከማይክሮሶፍት ነበር። ማይክሮሶፍት ለሌሎች አምራቾችም የመሸጥ መብቱን አስጠብቆ ስለነበረ ገበያውን በሂደት ተቆጣጠረ። በ1990ዎቹም ኔትስኬፕ ብራውዘሩን ሲሸጥ፣ ማይክሮሶፍት የራሱን ከዊንዶውስ ጋር አዳብሎ ያለ ክፍያ አቀረበ። አሮጌው ዘዴ በአዲስ እጅ ተመለሰ ማለት ነው።

መንግሥት ግንቦት 18 ቀን 1998 ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሰኔ 28 ቀን 2001 ኩባንያው ለሁለት ይከፈል የሚለውን ትእዛዝ ቢሽርም፣ ሞኖፖሉን በሕገወጥ መንገድ ማስጠበቁን አጸና። ኔትስኬፕ ግን ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ኩባንያ ተገዝቶ ነበር።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ለመሐንዲሶች የተለየ ትርጉም ያለው ነጥብ አለ። ፍርድ ቤቱ ከጥፋቶቹ አንዱ አድርጎ የቈጠረው የብራውዘሩና የዊንዶውስ ኮድ እርስ በርሱ መቀላቀሉን ነበር። በማይክሮሶፍት ጉዳይ የፕሮግራም አዘጋጁ የንድፍ ውሳኔ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።