ያልታመመ ጥርስ ሲነቀል፦ የግግ ታሪክ ከኮልፌ እስከ ኢየሩሳሌም

ሕፃኑ 5 ወሩ ነው። ሆዱ ከተበላሸ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሰውነቱ ይፋጃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ጡት ሲሰጡት ይዞ ይተውና ያለቅሳል። ኮልፌ ቀራንዮ፣ አጠና ተራ አካባቢ ባለ አንድ የኪራይ ግቢ እንዲህ ያለ ሕፃን ሲገኝ ከሐኪም በፊት የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ብዙ የወለዱ አንዲት እናት ጣታቸውን አስገብተው ድዱን ይዳስሱና ይፈርዳሉ፦ «ይሄማ ግግ ነው! እትዬ እገሊት ጋ ውሰጂው፣ ዛሬውኑ ያወጡልሻል።»

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። አንዳንዱ ምልክቱን በገዛ አፉ ይዞ ይኖራል፤ ክራንቻው ለምን እንደጎደለ ወይም ለምን ጠማማ ሆኖ እንደበቀለ ግን ጠይቆ አያውቅም።

ግግ የሚባለው ምንድን ነው? በሽታ አይደለም። ጥርስ ነው፤ ያውም ገና ያልበሰለ ጥርስ። የሕፃን የወተት ጥርሶች መሠራት የሚጀምሩት በማኅፀን ውስጥ ነው። የወተት ክራንቻ ድዱን ሰንጥቆ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 20 ወር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከ4ኛው ወር አካባቢ ጀምሮ ግን በድዱ ሥር እብጥ ብሎ፣ ነጣ ብሎ ይታያል። ይህ ጊዜ ደግሞ ሕፃኑ ከእናቱ በደም የወረሰው መከላከያ የሚቀንስበት፣ ተጨማሪ ምግብ የሚቀምስበት፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚሰድበት ወቅት ነው። ተቅማጥ የሚመጣው ከውኃው፣ ከጡጦው፣ ከእጁ ነው። ዓይን የሚያየው ግን ያችን ነጭ እብጠት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ በእሷ ላይ ይላከካል።

አውጪዋ ድዱን በምላጭ ወይም በመርፌ ይሰነጥቃሉ፤ አንዳንዱ በተሳለ ሽቦ፣ አንዳንዱ በጥፍር ይቧጥጣል። «ግግ ማስቧጠጥ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። የሚወጣው ነገር ነጭና ለስላሳ ስለሆነ በብዙ የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢ «ትል» ይሉታል። በጥርስ ትል ያመነው እኛ ብቻ አይደለንም። አውሮፓም ለብዙ መቶ ዓመታት አምኖበታል፤ ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው የጥርስ ሕክምና መጽሐፍ ነው ትል የሚባል ነገር አላየሁም ብሎ የተከራከረው።

ድርጊቱ ይህን ያህል ዘመን የቆየበት ምክንያት ቀላል ነው፦ የሚሠራ ይመስላል። የሕፃናት ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ያልፋል። ግግ የሚወጣው ደግሞ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ በሽታው ሊበርድ ሲል ነው። ልጁ ሲድን ምስጋናው ለአውጪዋ ይሆናል፤ ሲሞት «እግዜር ወሰደው» ይባላል። በእንዲህ ያለ ሒሳብ የሚከስር ባለሙያ የለም።

ጉዳቱ ግን ድዱ ሲሽር የሚያበቃ አይደለም። ባልጸዳ ስለት የተከፈተ ድድ ለመንጋጋ ቆልፍ፣ ለደም መመረዝ፣ ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው በስለት ለሚተላለፍ የጉበት ቫይረስና ኤች.አይ.ቪ. በር ነው። ከሁሉ ያነሰ የሚታወቀው ጉዳት ግን ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ነው። ቋሚው ክራንቻ ጠንካራ አካሉን መሥራት የሚጀምረው በ4ኛውና በ5ኛው ወር አካባቢ፣ ከወተት ጥርሱ አጠገብ ተደብቆ ነው። ስለቱ የወተቱን ሲፈልግ ቋሚውንም ያገኘዋል። ልጁ ገና አንድም ጥርስ ሳያወጣ፣ በ10 ዓመቱ ሊያወጣው የነበረውን ጥርስ ያጣል ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ዓለም የሰማው በአፍ ሐኪሞች በኩል ነው። ዴንማርካዊው የአፍ በሽታዎች ሊቅ ፒንድቦርግ እ.ኤ.አ. በ1969 በኡጋንዳ ያየውን ጽፎ አሳተመ። ለእኛ የሚቀርበው ምስክርነት የመጣው ግን ከኢየሩሳሌም ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85፣ ከዚያም በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲጓዙ፣ ልጆቻቸውን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አዩ፦ ሌሎቹ ጥርሶች ሁሉ በቦታቸው ሆነው የወተት ክራንቻዎች ብቻ የሉም። አልበሰበሱም፣ አልተሰበሩም፤ ጭራሽ የሉም። ወላጆች ሲጠየቁ ነገሩ ታወቀ። ጥናቱ በ1994 ታተመ። ከጎንደር ገጠር የወጣ ሕፃን አገር ሲቀይር ቋንቋውም ልብሱም ተቀየረ፤ የአውጪዋ እጅ ምልክት ግን በራጅ ፊልም ላይ ቀረ።

አገር ቤትም ዝም አልተባለም። ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን የሚመለከተው ብሔራዊ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1987 ተቋቁሞ ከአሥር ዓመት በኋላ አገር አቀፍ ጥናት አደረገ፤ እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣት ከሴት ልጅ ግርዛት ጋር በአንድ መዝገብ ሰፈሩ። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 የወተት ጥርስ በመንቀል ሕፃንን ለሞት ማድረስን በስም ጠርቶ ከለከለ። ቅጣቱ ግን መቀጮ ወይም ከ3 ወር እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ነው፤ ለሕፃን ሞት ይህ ሚዛን ይደፋል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ደግሞስ ማን ማንን ይከሳል? ልጁን ያመጣችው እናት ናት፤ አውጪዋ የእድር ጓደኛዋ ናቸው።

ለመፍረድ መቸኮልም አይገባም። አውጪዎቹ እጃቸው አልሰነፈም። ድድ የሚወቅሩ፣ አጥንት የሚጠግኑ፣ ዋግምት የሚተክሉ ሰዎች ባሉበት አገር የእጅ ሙያ ጎድሎ አያውቅም። የጎደለው ከስለቱ በፊትና ከስለቱ በኋላ ያለው ነው። በፊት፦ ይህ ሰው በእርግጥ መቀደድ አለበት ወይ? በኋላ፦ ነገና በሳምንቱ ማን ያየዋል? ግግ በሁለቱም ጥያቄ ይወድቃል።

የሚገርመው፣ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ትልቁ ትምህርት ቤት የሚገኘው እዚያው ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ነው። ኮልፌ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የወታደር ትምህርት የቀሰመበትን የፖሊስ ማሠልጠኛ ነው። በዘነበወርቅ ያለው አለርት ግን ከዚያ ባልተናነሰ መታወስ ነበረበት። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ ከነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 የአፍሪካ ማሠልጠኛ ሆኖ ተመሠረተ። ሥጋ ደዌ ፊትንም አፍንም የሚያጠቃ በሽታ ነው፤ ሲብስ የላይኛውን የፊት ጥርሶች የያዘውን አጥንት እስከ መብላት ይደርሳል። ነርቭ ሲጎዳ ዓይን መከደን ያቅተዋል። ለዚህ የሥጋ ደዌ ቀዶ ሐኪሞች ያዳበሩት ዘዴ አለ፦ ከምናኝክበት ጡንቻ ቁራጭ ወስዶ በዓይን ቆብ ላይ መስፋት። ከዚያ በኋላ ታካሚው ዓይኑን የሚከድነው ጥርሱን በመንከስ ነው! በእንዲህ ያለ ሥራ ቢላዋው አጭሩ ክፍል ነው። ከቀዶው በፊት በሽታው መርጋቱ ይረጋገጣል፣ ታካሚው ጡንቻውን ለይቶ ማዘዝ ይማራል። ከቀዶው በኋላ ለሳምንታት እየነከሰ መክደንን ይለማመዳል። ያልተለማመደ ሰው በከንቱ ተቀደደ ማለት ነው።

ወደ ጥርስ እንመለስ። ግግ የወጣለት ሕፃን 20 ዓመት ሞልቶት፣ ክራንቻው መንጋጋው ውስጥ ተጋድሞ ቀርቶ፣ አብጦ ወደ ክሊኒክ መጣ እንበል። ደህና ሐኪም መጀመሪያ ጉጠት አያነሳም። ይጠይቃል፦ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም አለ? ሲቆረጥ ደሙ ቶሎ ይቆማል? የሚወስደው መድኃኒት አለ? ሴት ከሆነች እርጉዝ ናት? ከዚያ ራጅ ይነሳል፤ ጥርሱ በየት በኩል እንደተኛ፣ ሥሩ ከከንፈር ነርቭ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የጎረቤቱን ጥርስ ሥር እየበላ መሆን አለመሆኑ ይታያል። መንቀል የግድ ላይሆንም ይችላል፤ አንዳንዱ ክራንቻ ድዱ ተከፍቶለት በሽቦ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ይሳባል። ወሩን ሙሉ «ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት» እያለ የኖረ ሰው (የሚነከሰው ጥርስ ራሱ ሲታመም ይህ አባባል እንዴት እንደሚሆን እንጃ) ፊቱ አብጦ፣ ከአገጩ ሥር ጠጥሮ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ደግሞ ቀጠሮ አይሰጠውም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መግባት አለበት። የጥርስ መግል አንገት ውስጥ ወርዶ የአየር መንገድ ሲዘጋ ሰው ይገድላል።

ቀዶው ራሱ በማደንዘዣ ይጀምራል። ማደንዘዣን ለዓለም ያስተዋወቁት የጥርስ ሐኪሞች መሆናቸውን ልብ ይሏል። አሜሪካዊው ሆሬስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1844 በሳቅ ጋዝ ፈዝዞ የራሱን ጥርስ አስነቀለ፤ ዛሬ በየክሊኒኩ የሚወጋው ሊዶኬይን በስዊድን የተሠራው በ1943 ነው። ድዱ ሲደነዝዝ ይከፈታል፣ የሸፈነው አጥንት በጥቂቱ ይነሳል፣ ጥርሱ ካልወጣ ተቆርጦ በቁራጭ ይወጣል፣ ታጥቦ ይሰፋል። ታካሚው መገፋት ይሰማዋል፤ ሕመም ከተሰማው መናገር አለበት፣ ይጨመርለታል።

ከዚያ ቤት ይገባል፤ ብዙው ነገር የሚበላሸውም እዚያ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም ቁስሉን የሚሸፍን ክዳን ነው። ጥጡን ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሶ መያዝ፣ በመጀመሪያው ቀን አለመጉመጥመጥ፣ አለመምጠጥ፣ አለማጨስ የሚባለው ያ ክዳን እንዳይነሳ ነው። «በአረቄ ተጉመጥመጥ፣ ይገድለዋል» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ አረቄው የሚገድለው ያንኑ ክዳን ነው። ጫትም ያው ነው። ለብ ያለ አጥሚት፣ እርጎ፣ የቀዘቀዘ በሶ ይበቃል፤ ሚጥሚጣና ትኩስ ቡና ይቆዩ። በማግስቱ ለብ ያለ ጨው ውኃ ይጀመራል። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ቢጨምር አያስደነግጥም። በሦስተኛው ቀን አካባቢ ሕመሙ ሲበርድ ቆይቶ ድንገት ብሶ ወደ ጆሮ የሚወረውር ከሆነ ግን ክዳኑ ተነስቶ አጥንቱ ተራቁቷል፤ መመለስ ያስፈልጋል። የማይሟሟ ክር ከሆነ በሳምንቱ ይወጣል።

አስቸጋሪው ነገር፣ ነጭ ጋዋን ለብሶም ግግ ማውጣት ይቻላል። ታካሚው ገብቶ «ይቺን ንቀልልኝ» ሲል፣ ያለ ራጅ፣ ያለ ጥያቄ፣ ጣቱ ያመለከተው ጥርስ ተነቅሎ በዚያው የሚሸኝበት ቦታ ሞልቷል። ሕመም ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ስለሚወረውር ጣት ይሳሳታል። መርፌው ንጹሕ ነው፣ ጉጠቱ ተቀቅሏል፣ የተነቀለው ግን ያልታመመው ነው። ይህ ከእትዬ እገሊት ሥራ የሚለየው በማደንዘዣው ብቻ ነው።

አጠና ተራ ያለው ሕፃን የሚያስፈልገው ጡት ሳይቋረጥበት፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በማንኪያ መጠጣት፣ ከዚንክ ጋር፤ ትኩሳት ስላለውም በዚያው ቀን በጤና ጣቢያ መታየት ነው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለው ደግሞ አንድ ሰዓትም አይጠበቅም። ነጩን እብጠት ማንም አይነካውም። በአሥራ ስምንተኛው ወር ግድም በራሱ ጊዜ ድዱን ሰንጥቆ ይወጣል።