ነፋስን የጠበቁ መንገደኞች፦ የዛንዚባር የባሕር መንገድ ታሪክ



ዛሬ ከዳሬሰላም ወደብ በፈጣን ጀልባ የተሳፈረ ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ ዛንዚባር ይደርሳል። በአውሮፕላን ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሰዓት እንኳን አይሞላም። የቀደሙት ሰዎች ግን ወደዚያች ደሴት ለመሄድም ሆነ ከዚያ ለመመለስ ወራትን ይጠብቁ ነበር። የሚጠብቁትም ነፋስን ነው።

በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነፋሱ በየወቅቱ አቅጣጫውን ይቀይራል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ስዋሂሊዎች «ካስካዚ» ይሉታል። ከዓረቢያ፣ ከፋርስና ከሕንድ የተነሡ ባለ ሸራ ጀልባዎች በእርሱ ተገፍተው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዱ ነበር። ከሚያዝያ ወዲህ ደግሞ «ኩሲ» የሚባለው ነፋስ ከደቡብ ይነሣና ወደ አገራቸው ይመልሳቸዋል። ዓረቦች ይህን ወቅት «መውሲም» አሉት፤ ዛሬ ዓለም «ሞንሱን» የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው። ሱብሓነላህ! ቁርኣን መርከቦችንና ነፋሳትን ከአላህ ምልክቶች የቆጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታሪክ የሠራው ይህ መጠበቅ ነው። ነጋዴው ዕቃውን ስለሸጠ ብቻ መመለስ አይችልም። ነፋሱ እስኪዞር ይቀመጣል፤ ከነዋሪው ጋር ይሰግዳል፣ ቋንቋ ይለምዳል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። በዚያ ዳርቻ እስልምና ሥር እንዲሰድ ነጋዴዎችና ዓሊሞች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በዛንዚባር ኪዚምካዚ የሚገኘው መስጂድ በ500 ዓመተ ሒጅራ (1107 እ.ኤ.አ.) የተጻፈ ጽሑፍ አለው። «ስዋሂሊ» የሚለው ስም ራሱ «ሰዋሒል»፣ ማለትም የባሕር ዳርቻዎች፣ ከሚለው የዓረብኛ ቃል የወጣ ነው።

ኢብን በጡጣም (ረሒመሁላህ) በ1331 እ.ኤ.አ. ገደማ በዚሁ መንገድ ሄዷል። ከዓደን ተነሥቶ ወደ ጎረቤታችን ዘይላዕ ተሻገረ። የከተማዋ ሽታ ስላስጠላው ባሕሩ ቢናወጥም ጀልባው ላይ ማደርን መረጠ። ከዚያ በመቅዲሾና በሞምባሳ በኩል ኪልዋ ደሴት ደረሰ፤ ሲመለስም በባሕር ወደ ዘፋር አቀና።

እኛ ታሪክ ስናወራ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። ግን አማናው አይፈቅድም። ያው ነፋስ፣ ያው ሸራ፣ ባሪያ ተደርገው የተያዙ ሰዎችንም ይጭን ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዛንዚባር ከምሥራቅ አፍሪካ ትልልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ገበያው የተዘጋው በ1873 እ.ኤ.አ. በሱልጣን በርገሽ ዘመን፣ በእንግሊዝ ግፊት ነው። ከነጋዴዎቹም ብዙዎቹ ስማቸው እንደ እኛ ስም ነበር። ዲናችን ባሪያን ነጻ ማውጣትን ከትልልቅ መልካም ሥራዎች ቆጥሮ ሳለ፣ ትርፍ የብዙዎችን ልብ አሳወረ። ይህን መደበቅ እስልምናን መጠበቅ አይደለም፤ ጥፋቱ የሰዎቹ ነውና።

ከዚያ የእንፋሎት መርከብ መጣ፤ ነፋስ መጠበቅ ቀረ። የሰው ስግብግብነት ግን አልቀረም። መስከረም 10 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ ይጓዝ የነበረ ከአቅሙ በላይ የጫነ መርከብ ሰጥሞ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። አላህ ይዘንላቸው።

ይህን የምንጽፈው ለመተረክ ብቻ አይደለም። ዛሬ ከከተሞቻችን ተነሥተው በደላላ ቃል ወደ የመን በሚሻገሩ ትንንሽ ጀልባዎች የሚታጨቁ ወንድምና እህቶች አሉን። የጥንቱ ናኹዳ ወቅቱ ሳይደርስ ሸራውን አይዘረጋም ነበር፤ ይህን ፈሪነት ያለው የለም። ተወኩል ግመልን ከማሰር በኋላ እንደሚመጣ ሁላችንም ተምረናል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ደላላው «ዛሬ ካልሄድክ አለቀልህ» ሲል እነዚያን መንገደኞች አስቡ። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ ሰበቡን ደግሞ ነፍስን ሳያጠፉ መፈለግ ይቻላል።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስልን፤ የባሕር ሟቾቻችንን ይማርልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።