የማይደገመው ዋሻ፦ የ«ስፔለንኪ» ታሪክና የማስረጃ ጥያቄ



የታሪክ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከሰነድ ነው። ሰነዱ ቢቀደድም ሆነ ቢደበዝዝ፣ ዛሬ ያነበብነው ቃል ነገ ስንመለስ ያው ሆኖ እንደሚጠብቀን እናምናለን። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሥራ ግን ይህን እምነት ይፈታተናል፤ በተከፈተ ቁጥር ሌላ ይሆናልና።

ሥራው «ስፔለንኪ» የተሰኘ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። አሜሪካዊው ዴሪክ ዩ «ጌም ሜከር» በተባለ ሶፍትዌር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ በነጻ አሠራጨው። ተጫዋቹ አንድ አሳሽ እየመራ፣ እየዘለለና ከወጥመድ እየሸሸ ወደ ዋሻ ጥልቀት ይወርዳል። አሳሹ ከሞተ ጉዞው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ የቀድሞው ዋሻ ግን አይመለስም፤ ኮምፒውተሩ ሌላ ሠርቶ ይጠብቀዋል።

ጨዋታው የሁለት ወጎች ልጅ ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን ካስጀመሩት «ሮግ» ይወረሳል። በዚያ ጨዋታ የምድር ውስጥ ክፍሎቹ በየጊዜው በዕጣ ይደረደራሉ፤ ተጫዋቹ ግን በተራ ስለሚንቀሳቀስ ለማሰብ ፋታ አለው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የሚወክለው የዝላይ ጨዋታ ወግ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ጉድጓድና ደረጃ በሠሪዎቹ እጅ የተቀመጠ በመሆኑ፣ ተጫዋቹ እየወደቀ መንገዱን በቃሉ ያጠናዋል።

ሁለቱን ማጋባት ቀላል አልነበረም። በዝላይ ጨዋታ ውስጥ ዕጣ አንዲት ግድግዳ ያለ ቦታዋ ቢጥል መውጫው ሊዘጋ ይችላል። የዴሪክ ዩ መፍትሔ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነበር። እያንዳንዱ ደረጃ አራት በአራት የተደረደሩ 16 ክፍሎች አሉት። ስልተ ቀመሩ አስቀድሞ ከላይኛው ረድፍ አንድ መግቢያ ይመርጣል፤ ከዚያ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ታች እየሄደ እስከ መውጫው ድረስ መንገድ ይዘረጋል። ቀጥሎ ክፍሎቹን ደራሲው በእጁ ካዘጋጃቸው ንድፎች መርጦ ይሞላል፤ ጥቂቱንም በዕጣ ይለዋውጣል። በመንገዱ ላይ ያሉት ክፍሎች ክፍት መተላለፊያ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው፤ ለቀሩት ዋስትና የለም። ወደ እነርሱ መግባት ለሚሻ ተጫዋች ሲነሣ አራት ቦምብና አራት ገመድ ተሰጥቶታል።

እንግዲህ ዕጣው ደራሲውን አላስወገደውም፤ ስፍራውን ለወጠው እንጂ። ደራሲው ቦታን መሥራት ትቶ ቦታ የሚሠራበትን ሕግ ጻፈ። ተጫዋቹም ካርታ መሸምደዱ ስለማይጠቅመው ሕጉን መማር ግድ ሆነበት።

ታዲያ ለመጪው ተመራማሪ ምን እናስቀምጥለት? የአንድ ጨዋታ ቪዲዮ የሚነግረን ከብዙ ዋሻዎች ስለ አንዱ ብቻ ነው። ኮዱ ደግሞ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ቢይዝም የሆነውን አይመሰክርም። እ.ኤ.አ. በ2013 ለኮምፒውተር የወጣው እትም ይህን በግልጽ ያሳያል። በ«ዕለታዊ ፈተና»ው ተጫዋቾች ሁሉ ለአንድ ቀን ተመሳሳይ ዋሻ ይቀርብላቸዋል፤ ሙከራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በማግስቱ ዋሻው በሌላ ይተካል። በዚያ ቀን ሰዎች የት እንደወደቁ፣ ምን እንደተመኙና ስለምን እንደተከራከሩ ከኮዱ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ሁለት ማስረጃዎች አብረው መጠበቅ አለባቸው፦ ሕጉና ምስክሩ። በሕጉ በኩል ዕድለኞች ነን። ዴሪክ ዩ የመጀመሪያውን እትም ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ከፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016ም ስለ አሠራሩ መጽሐፍ አሳትሟል። ኮዳቸው ተቆልፎ የቀረ ሌሎች ሥራዎችን በተመለከተ ግን ሕጉን ከፍሬው ለመገመት እንገደዳለን። ምስክሩን መሰብሰብ የእናንተ ትውልድ ሥራ ነው፤ ተጫዋቾቹ ዛሬ በሕይወት አሉና፣ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።