ግድቦቹ የተነሱለት የኤልዋ ወንዝ ማገገም

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው የኤልዋ ወንዝ፣ በሰው ሥራ የተናጋ የወንዝ ሥነ ምህዳር እንዴት እንደሚያገግም ከሚያሳዩ ተሞክሮዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል።

በወንዙ ላይ እ.ኤ.አ በ1913 የኤልዋ፣ በ1927 ደግሞ የግላይንስ ካንየን ግድቦች ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተሠርተዋል። ግድቦቹ የዓሣ መተላለፊያ ስላልነበራቸው ከባሕር ወደ ወንዙ እየወጣ እንቁላሉን የሚጥለው የሳልሞን ዓሣ በታችኛው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ተወስኖ ቆይቷል። ጠጠርና ደለል በግድቦቹ በመታገዱም ከግድቦቹ በታች ለዓሣ መራቢያ የሚሆነው ወለል ተመናምኗል፤ የባሕሩ ዳርቻም ተሸርሽሯል። በ1855 በተፈረመ ስምምነት የማስገር መብታቸው የተረጋገጠላቸው የክላላም ተወላጆችም ለጉዳቱ ተዳርገዋል።

የአገሪቱ ምክር ቤት በ1992 ወንዙ እንዲያገግም የሚያስችል ሕግ ያወጣ ሲሆን፣ ግድቦቹን የማፍረሱ ሥራ ከመስከረም 2011 እስከ ነሐሴ 2014 ተከናውኗል። ከሥራው አስቀድሞ ለፖርት አንጀለስ ከተማ የውሃ ማጣሪያ የተገነባ ሲሆን፣ የዓሣ ዝርያዎቹም በማራቢያ ጣቢያ እንዲጠበቁ ተደርጓል።

ከግድቦቹ በስተጀርባ 21 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ደለል ተከማችቶ ስለነበር ግድቦቹ የፈረሱት ደረጃ በደረጃ ነው። ይህም ሆኖ የውሃ መቀበያው በደለል በመደፈኑ ሥራው ለአንድ ዓመት ያህል ተቋርጧል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውሃው በመደፍረሱና የወንዙ ወለል በደለል በመሸፈኑ ለዓሣ ምግብ የሚሆኑ የውሃ ነፍሳት ቁጥር አሽቆልቁሏል።

ደለሉ እየተጠረገ ሲሄድ ግን ወንዙ አዳዲስ መፋሰሻዎችን አበጅቷል፤ በወንዙ መድረሻም ሰፊ አሸዋማ ዳርቻ ተፈጥሯል። በደረቁት ሐይቆች ወለል ላይ አገር በቀል ዕፅዋት ተተክለዋል። ወደ ላይኛው ተፋሰስ የዘለቀው ሳልሞን ከባሕር ያመጣው ንጥረ ምግብ በወንዙ ዳር በሚኖሩ አእዋፍ አካል ውስጥ መገኘቱም በጥናት ተረጋግጧል። የክላላም ተወላጆች ግድቦቹ ከተነሱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2023 በተወሰነ መጠን ሳልሞን አስግረዋል።

የኤልዋ ተሞክሮ እንደሚያመለክተው የወንዝ ማገገሚያ ሥራ መሰናክሉን በማንሳት ብቻ አይጠናቀቅም። ሥራው ውጤት ከመስጠቱ በፊት ጊዜያዊ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል፣ ለታችኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች አስቀድሞ መዘጋጀትንና ለዓመታት የሚዘልቅ ክትትልን ይጠይቃል።