ወሬ ያሳደገው የደብሊን ልጅ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የአንድ ተራኪ ነገር ልንገራችሁ። ኮነር ማክፈርሰን ይባላል፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ደብሊን ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፍልስፍና ተማረ፤ ልቡ ግን መድረክ ላይ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዎቹ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ጉዱን የሚዘረግፍባቸው ነበሩ።

አያቱ በሊትሪም ገጠር፣ ሻነን ወንዝ ዳር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ኮነር እየሄደ ይጠይቃቸዋል። «ዘ ዊር» የተባለው ቲያትሩ የተፀነሰው እዚያ ነው፤ በ1997 ለንደን ውስጥ በሮያል ኮርት ቲያትር ቤት ታየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሽት ነው፣ ውጭ ነፋሱ ያፏጫል። ወንዶች በሚያዘወትሩት የገጠር መጠጥ ቤት ቫለሪ የምትባል የደብሊን ሴት ትገባለች። ነጭ ወይን ስትጠይቅ ባለቤቱ ግራ ይገባዋል፤ እዚያ ቤት ወይን ማን ጠይቆ ያውቃል? ከጓዳ አንድ ጠርሙስ ፈልጎ ያመጣና በቢራ ብርጭቆ ይቀዳላታል። ወንዶቹም ሊያስደምሟት በየተራ የመናፍስት ወሬ ይጀምራሉ። ተራው ሲደርሳት እሷ የሞተች ልጇን ነገር ታወራለች። የሁሉም አፍ ይያዛል።

በመጨረሻ ሽማግሌው ጃክ ይናገራል፤ በእሱ ታሪክ ውስጥ መንፈስ የለም። ችላ ብሎ ያጣት ሴት ሌላ ስታገባ ሰርጓ ላይ ተገኘ። መቆም ቢያቅተው ወጥቶ መጠጥ ቤት ገባ፤ የማያውቀው አሳላፊ ፊቱን አይቶ ሳንድዊች ሠራለት። በቃ፣ ይኸው ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያስፈራው ይኸኛው ነው።

ቲያትሩ የኦሊቪየ ሽልማትን ወሰደ፣ ብሮድዌይም ገባ። በዚያው 1997 ድርሰቱን የጻፈው ፊልም፣ «አይ ዌንት ዳውን»፣ ለእይታ በቃ። ዝናው ሲጨምር መጠጡም ጨመረ። በ2001 ቆሽቱ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ለሳምንታት ተኛ። ሲወጣ መጠጥን እርም አለ።

ያየውን መከራ ግን አልጣለውም። በ2006 በወጣው ቲያትሩ በ«ዘ ሲፌረር» ከመጠጥ ጋር የሚታገል ሰው በገና ዋዜማ ከሰይጣን ጋር ካርታ ይጫወታል፤ መያዣው ነፍሱ ናት!

ቆይቶ ደግሞ የቦብ ዲላን ወገኖች ዘፈኖቹን ሰጥተው ቲያትር ሥራባቸው አሉት። እሱም ዲላን ወደተወለደባት ዱሉት ከተማ፣ ወደ 1934 ወሰዳቸው። ዕዳ በያዘው የእንግዳ ማረፊያ የተጠጉት ሰዎች በንግግር ያቃታቸውን በዜማ ያወጡታል። «ገርል ፍሮም ዘ ኖርዝ ካንትሪ» በ2017 በለንደኑ ኦልድ ቪክ ቲያትር ቤት ተከፈተ።

መንፈሱም፣ ሰይጣኑም፣ ዘፈኑም ለማክፈርሰን ሰበብ ነው። እሱ የሚያሳድደው፣ ሰው ሰሚ ሲያገኝ ዓመታት የደበቀውን የሚያወጣባትን ሰዓት ነው።